ገንዘቡ በማን ስም ገባ?

በሐምሌ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጁን ሲያሻሽል የአብዛኛው ሰው ጆሮ ደመወዝ ላይ ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ይበቃል አይበቃም የሚለው ክርክር ቤቱንም መንገዱንም ሞላው። በዚያ ጫጫታ መሃል አንድ ሌላ ጉዳይ ብዙም ሳይነጋገሩበት አለፈ። በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠው፣ በዩቲዩብ ቻናሉ የሚተዳደረው፣ ቦሌ ቡልቡላ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፈው ወጣት ግብሩን እንዴት ይክፈል? አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከዲጂታል ይዘት የሚገኝን ገቢ በስም ጠርቶ ግብር ውስጥ ሲያስገባ ጥያቄው የብዙ ሺህ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል።

ብዙዎች ይህንን አዲስ ግብር አድርገው ወስደውታል። አዲስ አይደለም። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ንግድ ማለት ለትርፍ የሚሠራ ማንኛውም የኢንዱስትሪ፣ የንግድ፣ የሙያ ሥራ ነው ብሎ ሲተረጉም ሱቅ ያለው ወይም መደርደሪያ ያለው ብሎ አልለየም፤ ሥራው ለአጭር ጊዜ የተሠራ ቢሆንም ንግድ ነው ይላል። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ገቢውን ከአገር ውስጥም ከውጭም ቢያገኘው ግብር ይመለከተዋል። ስለዚህ በቴሌግራም የተሸጠች አንዲት ቀሚስ ድሮም ግብር ነበረባት። ያልነበረው ሕግ ሳይሆን ዱካ ነው፦ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ በማን ስም እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት። እኔ እስከማየው ድረስ የመስመር ላይ ገቢ ግብር ችግር ከላይ እስከ ታች ይኸው የስም እና የዱካ ችግር ነው። መጣኔው ስንት ይሁን የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከትንሿ ነጋዴ እንጀምር፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ከመርካቶ በ2,000 ብር የገዛችውን ቀሚስ ፎቶ አንስታ በቻናሏ ላይ በ2,400 ትለጥፋለች እንበል። ገዢዋ «አለ?» ብላ ትጽፋለች፣ አድራሻ ትልካለች፣ በቴሌብር 2,600 ብር ታስገባና ስክሪንሾቱን ትልካለች። ከዚያ ውስጥ 200 ብሩ የሞተር ዴሊቨሪው ነው፤ ሻጯ ተቀብላ እዚያው ለሞተረኛው ታስተላልፋለች። በወር 60 ቀሚስ ብትሸጥ በስልኳ 156,000 ብር ይገባል። በእጇ የሚቀረው ግን በአንድ ቀሚስ 400 ብር፣ በጠቅላላው 24,000 ነው። ከዚህም ላይ የቡስት (የተከፈለበት ማስታወቂያ)፣ የኢንተርኔት፣ የላስቲክ ከረጢት፣ ገዢዋ አልወደድኩትም ብላ የመለሰችው ዕቃ ወጪ ይነሣል። በዓመት ሲደመር ወደ ሒሳቧ የገባው 1,872,000 ብር ነው።

በዚሁ ሒሳብ ላይ በጥር ወር እቁብ ደረሳት፤ 150,000 ብር ገባ። አሁን ዝርዝሩ ላይ ያለው ድምር 2,022,000 ብር ሆነ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። የተሻሻለው አዋጅ የቀድሞዎቹን ሦስት የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አጥፏቸዋል፤ መስመሩም የተሰመረው በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ላይ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ «ሀ» ነው፤ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ በመዝገቡ መሠረት መክፈል አለበት። ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ለ» ነው። ይቺ ነጋዴ በእውነተኛ ሽያጯ 1,728,000 ብር ላይ ናት፤ በስልኳ ዝርዝር ግን የሞተረኛው ገንዘብና የእቁቡ ገንዘብ ተደምረው ደረጃ «ሀ» አድርገዋታል። የግብር ሹም ዝርዝሩን ከባንክ ወይም ከቴሌብር የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ዝርዝሩ ሲመጣለት እቁብና ሽያጭ ተለይቶ አይጻፍለትም። ለይታ ማሳየት ያለባት እሷ ናት። በምን ታሳይ? እቁቡ በሰብሳቢው ደብተር ላይ ነው፣ ሞተረኛው ደረሰኝ የለውም፣ የመርካቶው ነጋዴም ደረሰኝ ስትለው ዋጋው ሌላ እንደሚሆን ነግሯታል።

ይህ የደረሰኝ ነገር እዚህ ላይ ሊታለፍ አይገባም። በ2017 መጀመሪያ ወራት የገቢዎች ሠራተኞች መርካቶ ገብተው የደረሰኝ ቁጥጥር ሲያጠብቁ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። የመስመር ላይ ነጋዴው የዚያው ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። ከላይ ያለው ሳይሰጠው ከታች ያለው ደረሰኝ ሊያመጣ አይችልም። ወጪውን በሰነድ ያላስደገፈ ሰው ወጪ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ገቢው ግን በስልኩ ላይ እስከ ሳንቲሙ ተመዝግቧል። በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ የጉልት ነጋዴ ገቢውም ወጪውም አይታይም፤ ባለ ሱቁ ሁለቱም በመጠኑ ይታዩለታል፤ የመስመር ላይ ነጋዴው ብቻ ገቢው ሙሉ በሙሉ ታይቶ ወጪው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ዘመናዊ ክፍያን የተቀበለ ሰው በዚህ ምክንያት ከሁሉ የተጎዳ እንዲሆን ማድረግ ደግሞ አገሪቱ በቴሌብርና በሌሎች መንገዶች ለመገንባት የምትለፋበትን ነገር መልሶ ማፍረስ ነው።

የደረጃ «ለ» ግብር የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጭ ላይ መሆኑ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዓላማው መልካም ነው፤ መዝገብ የማይችለውን ከመዝገብ ለመገላገል ነው። ነገር ግን የመስመር ላይ ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀሚስ ሻጯ ከመቶ ብር ሽያጭ የሚቀራት አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ብር ነው። ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ ካሜራውንና መብራቱን አንዴ ከገዛ በኋላ ከመቶው አብዛኛው የራሱ ነው። ሁለቱን በሽያጭ መጠን ብቻ አንድ ላይ መመዘን ከመጀመሪያዋ ትርፍ ላይ ብዙ መውሰድ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ማቅለል ነው። አፈጻጸሙን የሚወስኑ መመሪያዎች በዚህ ልዩነት ላይ ዓይናቸውን ካልጣሉ ሸክሙ የሚወድቀው በጠባብ ትርፍ በሚሠሩት ላይ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ልጅ እያሳደጉ ከቤት የሚሸጡ ሴቶች ናቸው።

አሁን ወደ ይዘት ሠሪዎቹ እንምጣ፤ የስም ነገር በእርግጥ የሚከፋው እዚህ ነው።

የክፍያ መንገዶች ለኢትዮጵያ አድራሻ ለረጅም ጊዜ ዝግ ወይም ጠባብ ስለሆኑ በጣም ብዙ የአማርኛ ቻናሎች ክፍያቸውን የሚቀበሉት ውጭ ባለ ዘመድ ስም ነው። ሥራው አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሒሳቡ ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ባለ የአክስት ልጅ ስም ይከፈታል። በቤተሰብ መተማመን የሚሠራ፣ ማንም እንደ ወንጀል የማያየው ዝግጅት ነው። በግብር ዓይን ግን ሦስት ወገን ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ራሱ ዘመድየው ነው። አሜሪካ የሚኖር ከሆነ ጎግል የከፈለውን ገንዘብ በእሱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ያሳውቃል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ «1099» የሚባለው ወረቀት በስሙ ይመጣል። ገንዘቡን አንዲት ዶላር ሳያስቀር ወደ አገር ቤት ልኮት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን ገቢው የእሱ ነው ይላል። ራሱን ቀጥሮ እንደሠራ ከተቆጠረ ከ400 ዶላር በላይ ባለ የተጣራ ገቢ ላይ ከተራው የገቢ ግብር ውጪ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ ይጠየቃል። በአነስተኛ ገቢ ምክንያት የጤና መድን ድጎማ ወይም የቤት ኪራይ እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ይህ የማያውቀው ገቢ ከመስመሩ በላይ ሊያወጣው ይችላል። ኡበር እየነዳ አራት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ለዘመዱ ውለታ ብሎ በሰጠው ስም ይህን ሁሉ ሊሸከም አይገባም። መውጫ አለው፤ ገንዘቡን በውክልና የተቀበለ እንጂ ባለቤቱ እንዳልሆነ፣ እውነተኛው ባለቤትም ማን እንደሆነ ለአይአርኤስ በቅጽ ማሳወቅ ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን በመካከላቸው የተጻፈ ስምምነትና ገንዘቡ የተላለፈበት ማስረጃ ያስፈልጋል። በቃል የተደረገ የቤተሰብ መግባባት አይአርኤስ ፊት ክብደት የለውም።

ሁለተኛው ቻናሉን የሚሠራው ሰው ነው። ገንዘቡ ወደ እሱ የሚደርሰው ከውጭ እንደተላከ የዘመድ እርዳታ ሆኖ ነው። እርዳታ ግብር የለበትም፤ በገዛ ላቡ ያገኘው ገቢ ግን በዘመድ እጅ ስላለፈ እርዳታ አይሆንም። ስለዚህ ወይ ግብሩን ሳይከፍል ይኖራል፣ ወይ ልክፈል ብሎ ሲቀርብ ገቢው የእሱ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያጣል። ከዚያም በላይ ዓመታት የለፋበት ቻናል በሕግ ፊት የማን ነው? ዝምድናው የሻከረ ቀን፣ ወይም ክፉ አይምጣና ዘመድየው ያረፈ ቀን፣ ወረቀቱ የሚናገረው ለባለ ስሙ ነው። ባንክ ሄዶ ልበደር ቢል ገቢ አለኝ የሚልበት ሰነድ የለውም፤ ቪዛ ሲጠይቅም እንዲሁ። ግብር አለመክፈል ለጊዜው ጥቅም መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ስም አለመኖር ግን ሰውየውን ራሱን ከሥራው ያራቁተዋል።

ሦስተኛው መንግሥት ነው። የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ ሸክሙም የወደቀው በጥቂቶች ላይ ነው። 10,000 ብር ደመወዝ ያለው መምህር በአዲሱ ስሌት በየወሩ 1,650 ብር የገቢ ግብር ገንዘቡን እጁ ሳያስገባ ይቆረጥበታል፤ ጡረታው ሌላ ነው። የእሱን ተማሪ በቲክቶክ የምታዝናናው ልጅ በአንድ ምሽት ስጦታ የወር ደመወዙን እጥፍ አግኝታ ምንም የማትከፍል ከሆነ መምህሩ የሚሰማው ቁጭት ትክክል ነው። ይህን ቁጭት ቀላል አድርጌ አላየውም። ግን ቁጭቱን ለማብረድ ተብሎ የሚደረገው ነገር ስሙን ወደ አገር ቤት የሚመልስ እንጂ የባሰ የሚያርቅ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ሒሳብ አለ። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩቲዩብ ከአሜሪካ ተመልካቾች ከሚገኘው ድርሻ ላይ የአሜሪካ ግብር ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የተደራራቢ ግብር ማስቀረት ስምምነት ስለሌላት ባለ ቻናሉ በኢትዮጵያዊነቱ ቢመዘገብ የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። የአማርኛ ቻናሎች ተመልካች ደግሞ ብዙው ቨርጂኒያ፣ ዳላስ፣ ሲያትል ነው። በወር 1,000 ዶላር ከሚያገኝ ቻናል 400 ዶላሩ ከአሜሪካ ተመልካች ቢመጣ 120 ዶላር እዚያው ይቀራል። የግብር መረጃውን ጭራሽ ያልሞላ ከሆነ ከመላው ዓለም ገቢው ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል። የእኛ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ በውጭ የተከፈለ ግብር እዚህ ከሚከፈለው እንዲቀናነስ ይፈቅዳል። ስለዚህ በራሱ ስም የተመዘገበ ሰው ያቺን 120 ዶላር የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ቢቀርብ አዲስ አበባ ላይ እንድትቀነስለት መጠየቅ መብቱ ነው። በዘመድ ስም የሚሠራ ሰው ይህ መብት የለውም፤ ግብሩም ወረቀቱም በሌላ ሰው ስም ነውና።

ለውጭ ድርጅት የሚሠሩ የፍሪላንሰሮችን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ከስም ይልቅ የምንዛሪ ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በወር 500 ዶላር የሚያገኝ ሰው በዶላር ያው 500 ነው፤ በብር ግን ገቢው ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ የግብር እርከኖቹም የተጻፉት በብር ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 መሆኑ ሌላ ውል ይጨምራል፦ በሰኔ ተሠርቶ በውጭ ሒሳብ የቆየ፣ በሐምሌ ወደ ባንክ የገባ ገንዘብ የየትኛው ዓመት ነው፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪስ ይሰላ? ሠራተኛው ይህን ለማወቅ ጠበቃ መቅጠር የለበትም። አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ፈርቶ የሚርቀው ከመጣኔው አይደለም፤ ከግምቱ ነው። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የተነሣው ቁጣ በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም ገና አልተረሳም። ገማቹ ሱቅ ገብቶ ዕቃውን አይቶ፣ ጥቂት ጠይቆ ቁጥር ጻፈ፤ ሰዉ ቁጥሩን ሲያይ ደነገጠ። ሱቅ በሌለበት ገማች ምን ያያል? ተከታይ ብዛት? 200,000 ተከታይ ያለው ቻናል በወር አሥር ዕቃ ላይሸጥ ይችላል፤ 3,000 ተከታይ ያላት የቤት ዕቃ ሻጭ በየቀኑ ትሸጥ ይሆናል። ተከታይ በገንዘብ ይገዛል፣ ውድድር በማዘጋጀት ይሰበሰባል፣ ገጹ ከነተከታዩ ይሸጣል። በተከታይና በተመልካች ቁጥር ላይ የሚቆም ግምት ከ2009ኙ የባሰ በደል ይሆናል፤ ይህ እንዳይደረግ ከአሁኑ በመመሪያ በግልጽ ቢጻፍ ብዙ ልብ ያረጋጋል።

የአካባቢያችን አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ኡጋንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ላይ በቀን 200 ሽልንግ ጣለች፤ ሰዉ በቪፒኤን ሸሸ፣ የታሰበው ገቢም አልመጣም፣ በ2021 ተትቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ተተካ። ኬንያ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዋሪ ይዘት ሠሪዎች ከሚከፈለው ላይ 5 በመቶ ከምንጩ እንዲቀነስ አደረገች። የኬንያው ክርክር አልባ ባይሆንም አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ከፋዩ ድርጅት ይቀንሳል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ሠሪው ስም ይኖረዋል። የእኛም የ2008ቱ አዋጅ ለዚህ ዘር አለው። አንድ ባንክ ወይም አንድ ፋብሪካ ለማስታወቂያ ይዘት ሠሪ ሲከፍል ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ከሌለው ደግሞ የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። የአገር ውስጥ ስፖንሰር ያገኙ ልጆች ቲን ለማውጣት የሮጡት ከአዋጅ ንባብ ተነሥተው ሳይሆን ይህችን 30 በመቶ አይተው ነው።

ታዲያ በሩ እንዴት ይከፈት? ገቢዎች ሚኒስቴር እና የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ በመጀመሪያ ማድረግ ያለባቸው፣ ያለፈውን እየቆፈሩ ከመቅጣት በፊት፣ ራሱን ፈቅዶ ለሚመዘገብ የመስመር ላይ ሠራተኛ ያለ ወለድና ቅጣት የመግቢያ ጊዜ መስጠት ነው። ቤቱ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው የቢሮ ኪራይ ውል መጠየቅ ከጨዋታው ውጪ መሆን አለበት። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ በወጪነት የሚያዝበት መንገድም ያስፈልጋል፤ ዛሬ ነጋዴዋ ቡስቱን የምታስደርገው ካርድ ላለው ደላላ በብር ከፍላ ነው፣ ደረሰኝ የላትም። የ2016ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 የውጭ ዲጂታል አገልግሎት ሰጪዎችን ወደ 15 በመቶው ታክስ ስላመጣቸው ታክሱ ከተሰበሰበ ወጪውም እንዲታወቅላት ፍትሕ ያስገድዳል።

ሰውየው በራሱ በኩል የሚሠራው ከዚህ ቀላል ነው፤ መመሪያ እስኪወጣም መጠበቅ አያስፈልገውም። ለሽያጭ ብቻ የሚሆን አንድ ሒሳብ ይክፈት፤ እቁቡም፣ የእናት እርዳታውም፣ የጓደኛ ብድሩም እዚያ አይግቡ። የዴሊቨሪውን ብር ገዢው በቀጥታ ለሞተረኛው ይክፈል። በወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን በደብተርም ይሁን በኤክሴል ይጻፍ፤ ደረሰኝ ያልተገኘለትን ግዢ እንኳ ቀኑን፣ ሻጩንና የባንክ ማስተላለፊያ ቁጥሩን ይያዝ። ተቀጣሪ ሆኖ ማታ ማታ የሚሸጥ ሰው ደመወዙ ከንግድ ገቢው ጋር ተደምሮ ግብሩን ያንረዋል ብሎ አይፍራ፤ በእኛ ሕግ የደመወዝ ሠንጠረዥና የንግድ ሠንጠረዥ ለየብቻ ይሰላሉ። ቻናሉ በዘመድ ስም ያለ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ ቻናሉ የማን እንደሆነ፣ ዘመዱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚልክ፣ እዚያ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚሸፍን። ሁለቱም ይፈርሙበት፣ በየወሩ የተላከበትን ማስረጃ ከሥሩ ያያይዙ። ሜሪላንድ ያለው የአክስት ልጅ «1099»ኙ በጥር መጨረሻ ፖስታ ሳጥኑ ሲደርስ ለሒሳብ ሠራተኛው የሚያሳየው፣ አዲስ አበባ ያለውም ግብሩን ሲያሳውቅ ለሹሙ የሚያቀርበው ይህንኑ አንድ ሰነድ ነው።